የባለምሳሩን ባህታዊ ታሪክ ለጎንደር ሰው እንዴት ታወሩታላችሁ?

ጎንደር ውስጥ የህንድ ነገር ያን ያህል እንግዳ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች ህንዳዊ መምህራንን ዛሬም ያነሳሉ፣ ዩኔስኮም ስለ ፋሲል ግንብ ሲጽፍ የህንድና የዐረብ ተጽዕኖ አለበት ይላል። ስለዚህ የባለምሳሩን ባህታዊ የፓራሹራማን ታሪክ ለቤተሰብ ወይ ለሰፈር ልጆች ላውራ ካላችሁ ጆሮ አታጡም። ችግሩ አተራረኩ ላይ ነው።

ማንነቱን ባጭሩ ጨርሱት። ዳርማ የሚሉት የዓለም ትክክለኛ ሥርዓት ሲናጋ ቪሽኑ የተባለው አምላክ አካል ለብሶ ይወርዳል ይላሉ ሂንዱዎች። እንዲህ ሲወርድ አቫታር ይሉታል፤ ፓራሹራማ ስድስተኛው ነው። አባቱ ጃማዳግኒ ባህታዊ ነው። ልጁም የካህናት ወገን ሆኖ ሳለ ሺቫ የተባለው ሌላ አምላክ የሰጠውን ምሳር ይዞ ይዋጋል። በቃ። አሥሩንም አቫታር እዘረዝራለሁ ካላችሁ ሰዉ ስልኩን ያወጣል።

አንዷ እማማ «ምነው ልጄ፣ ጣዖት ነው እንዴ የምታወራን?» ማለታቸው አይቀርም። አትከራከሩ። «እነሱ የሚያምኑትን ነው የምነግርዎት፣ እማማ» ብላችሁ ቀጥሉ።

ላሟ ላይ ቆዩ። ካርታቪርያ አርጁና የሚባል ሺህ እጅ ያለው ንጉሥ ከነሠራዊቱ ወደ ባህታዊው ጎጆ ይመጣል። ጃማዳግኒ የተመኙትን ሁሉ የምትሰጥ ላም ነበረችውና ያን ሁሉ ሠራዊት ከእሷ አብልቶ አጠጥቶ ያስተናግዳል። ንጉሡ ከጠገበ በኋላ ላሟን ከነጥጃዋ አስነድቶ ሄደ! ይህን ቀስ ብላችሁ አውሩት። የበላበትን ቤት የዘረፈ እንግዳ ምን እንደሚባል ሰሚው ራሱ ይነግራችኋል። ፓራሹራማ ተከተለው፣ እጆቹን ቆራርጦ ገደለው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። እንዳታቆሙ። አባትየው ደስ አላለውም፤ ንጉሥ መግደል ከባድ ኃጢአት ነው ብሎ ልጁን ቅዱሳን ቦታዎችን እየዞረ እንዲነጻ ላከው። ኋላ የንጉሡ ልጆች ፓራሹራማ በሌለበት መጥተው ጃማዳግኒን በተመስጦ እንደተቀመጠ አንገቱን ቆረጡት። ፓራሹራማ የእናቱን የሬኑካን ጩኸት ከሩቅ ሰማ። ከዚያ በኋላ ቁጣው በገዳዮቹ ብቻ አልበረደም፤ ክሻትሪያ የሚሏቸውን የተዋጊ ወገኖች 21 ጊዜ ከምድር አጠፋ፣ አምስት ኩሬም በደም ሞላ።

ሰሚዎቻችሁ ትንንሽ ልጆች ከሆኑ በአባቱ ትእዛዝ እናቱን የገደለበትን ክፍል ዝለሉት። ለትልልቆቹ ግን አውሩ፤ አባቱ የፈለግኸውን ጠይቅ ሲለው የጠየቀው እናቱ እንድትነሳለት ነው፣ ተነሳችም።

ይኼኔ ጎንደሬው «እንደ ካሳ ነዋ!» ይላል። ተቀበሉት፣ ጥሩ መግቢያ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ፍትሕ የሚያመጣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሳል ይል ነበር፣ ካሳም በ1847 ዓ.ም ሲነግሥ ስሙን ወሰደ። ያው ንጉሥ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠላት። ይህን የሚያውቅ ሰው 21 ጊዜ ሲባል እጁን ለጭብጨባ አያነሳም፣ እኔም እንዲያጨበጭብ አልፈልግም። ብቻ ንጽጽሩን አታስረዝሙት፣ ለፓራሹራማም ዓመተ ምሕረት አትፈልጉለት።

ፍጻሜው ላይ አትሩጡ፣ ለእኔ ትልቁ ነገር እዚያ ነው። ማሃባራታ የተባለው የህንዶች ጥንታዊ የጀግና ግጥም እንደሚለው የሞቱ አባቶቹ መንፈስ ተገለጠለትና የምትሻውን ጠይቀን አለው። በቁጣ ካፈሰሰው ደም ኃጢአት መንጻትን ጠየቀ። ሰጡት፣ ይብቃህም አሉት። ዳርማን ሊመልስ የወረደው ራሱ ይቅርታ ፈላጊ ሆነ ማለት ነው፤ ይህን ከዘለላችሁ የቀረው ተራ የጦር ወሬ ነው። ያሸነፈውን ምድር ሁሉ ለካሽያፓ ለተባለ ጠቢብ ሰጠ። ካሽያፓ ደግሞ «እንግዲህ በእኔ መሬት አትኖርም» አለው! ዓለምን ያሸነፈ ሰው ጋት መሬት አጣ። ባሕሩ ሸሸት ብሎ ቦታ ለቀቀለት ይላሉ፤ በህንድ ምዕራብ ዳርቻ ያሉት የኬራላና የኮንካን ሰዎች አገራችን ያ መሬት ነው ብለው ያወሩታል።

ልጆቹ «ሞተ?» ይሏችኋል። አልሞተም፣ ማሄንድራ ተራራ ላይ አለ፣ የመጨረሻው አቫታር ካልኪ ሲመጣ የጦር ትምህርት የሚያስተምረው እሱ ነው ይባላል በሏቸው። ስለ ተማሪው ስለ ካርና ከጠየቁ ግን ለሌላ ቀን ቅጠሯቸው፣ እሱ ብቻውን አንድ ሙሉ ማታ ይፈጃል።