ወሯ ይሞላል፦ ለዕረፍት ስንሄድ የሞግዚታችንን ደሞዝ እንዴት እንክፈል

ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ነሐሴ 20 ቀን የልጆቼ ሞግዚት ወሯ ሞላና 800 ብር ቆጥሬ ሰጠኋት። ደሞዟ 3,000 ብር ነበር። ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ 22 ቀን ስለተቀመጥን የ22 ቀኑን 2,200 ብር ቀንሼ ነው። «ያልሠራሽበት ነው» አልኳት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ብሩን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ «እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች።

መስከረም ላይ ጎረቤቴ ቡና ስንጠጣ ነገሩን ነገረችኝ። ልጅቷ እቁብ አላት፤ በየሳምንቱ 250 ብር። እጣው ግንቦት ላይ ደርሷት አገሯ ደንቢያ ላለው የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ገዝታበታለች። እቁብ በልቶ መቅረት ደግሞ አይቻልም፤ ዋስ አለ፣ ስም አለ። በዚያ ወር 1,000 ብር መክፈል ነበረባት። ከእኔ ያገኘችው 800 ነው፤ እኛ ስንሄድ እሷም አገሯ ሄዳ ነበርና የመሄጃና የመመለሻ መኪናም ከኪሷ ነው የከፈለችው። ከጎረቤቴ ሠራተኛ ተበድራ እስከ ኅዳር ስትከፍል ቆየች። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በዚያ 22 ቀን እኔም ሥራ አልገባሁም፤ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ ደሞዜም አምስት ሳንቲም ሳይጎድል ገብቶልኛል። ለራሴ የተቀበልኩትን ለእሷ ከለከልኳት። እሷ ሥራዋን ጥላ አልሄደችም፤ እኛ ነን ጥለናት የሄድነው።

ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በፊት የማደርገውን ልጻፍላችሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ቀኑን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እነግራታለሁ። ሻንጣ እየታሰረ የሚነገር ነገር ምርጫ አይሰጥም፤ «እሺ» ብቻ ነው የሚያስብለው። ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቁጭ ብለን፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አንኖርም። ደሞዝሽ እንዳለ ነው። አገርሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ ቤት ትቀመጫለሽ?» እላታለሁ። ደሞዙን ከጥያቄው በፊት የማስቀድመው ሆን ብዬ ነው። ካልሰማችው እኔን ደስ የሚያሰኘኝን እንጂ ልቧ ያለውን አትነግረኝም።

አገሯ ከሄደች ሙሉ ደሞዟን ከመነሳታችን በፊት እሰጣታለሁ። ወሯ እኛ በሌለንበት የሚሞላ ከሆነም እንደዚያው፤ «ስመለስ» የሚባል ነገር የለም። እቁቡም፣ የቤት ኪራዩም፣ የወንድሟ ደብተርና እስክሪብቶም እኛን አይጠብቁም። ቴሌብር ካላት በራሷ ስልክ እልክላታለሁ። በደላላ ወይም በዘመድ እጅ የሚሄድ ደሞዝ መንገድ ላይ ሲሸራረፍ ብዙ አይቻለሁ። አገሯ ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ድረስ የመኪናውን ደርሶ መልስ እኔ እችላለሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቀለቡን ነው። ከእኛ ጋር የምትኖር ልጅ ደሞዟ ብሩ ብቻ አይደለም፤ የምትበላውም የደሞዟ ክፍል ነው። አገሯ ስትሄድ ያንን ቀለብ የሚሸፍነው የእናቷ ሌማት ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ገበሬ ቤት እህል የሚያጥርበት ወቅት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በቀን የምትበላውን በግምት አስልቼ በብር እጨምርላታለሁ። ቡናና ስኳሩ፣ ሳሙናው ከዚህ ውጭ ነው፤ ባዶ እጇን እንዳትገባ የምሰጣት ነው። ስጦታን ከደሞዝ ጋር አትደባልቁት። «ለበዓል ቀሚስ ገዝቼላት የለ» ብሎ ደሞዝ መቀነስ ቀሚሱንም መልሶ መውሰድ ነው።

ቤት የምትቀመጥ ከሆነ ግን ዕረፍት ላይ ናት ብላችሁ አታስቡ። ጎንደር ውስጥ ቤት መጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እኛ ሰፈር ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ተነስታ በርሜሉን የምትሞላ፣ ጀሪካኑን የምትደረድር እሷ ናት። ዶሮዎቹ አሉ፣ ውሻው አለ፣ የመብራት ካርድ መሙላት አለ፣ በር ያንኳኳውን ሁሉ «የሉም» ብሎ መመለስ አለ። ይህ ሥራ ነው፤ ሙሉ ደሞዝ ይከፈልበታል፣ የሳምንት ዕረፍቷም አይነካም። ጤፉ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዘይቱ ከመሄዳችን በፊት ይሟላል፣ ለአትክልትና ለከሰል ደግሞ በእጇ ብር ይኖራል። ጓዳ ቆልፎ መሄድን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ልጆቻችሁን አምናችሁ ለሰጣችኋት ሴት ሽሮ መቆለፍ ከባድ ስድብ ነው። ብቻዋን ማደር ከፈራች ደግሞ ጓደኛዋ ወይም እህቷ መጥታ አብራት ትደር፤ ያንን ፈቃድ እሷ እስክትጠይቅ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ አንሱላት።

ይዘናት ስንሄድስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። «ለእሷም መዝናኛ ነው፣ አዲስ አበባን ታያለች» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ለሰርግ ይዣት ሄጄ፣ አንድ ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ውኃ ልጠጣ ወደ ማድ ቤት ስገባ የእህቴን እንግዶች ሳህን ቆማ ታጥባለች፤ ትንሿን ልጄን በጀርባዋ አዝላ ነው የምታጥበው። ቤት ሁለት ልጅ ነበር የምትይዘው፤ እዚያ የእህቴ ልጆች ተጨምረው አምስት ሆነዋል። የምትተኛው ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው፤ ሌሊት ያለቀሰ ሁሉ የሚቀሰቅሰው እሷን ነው። ለአስራ አንድ ቀን አንድም የዕረፍት ቀን አላገኘችም። አሁን ይዣት ከሄድኩ ለቤተ ዘመዱ ቀድሜ እናገራለሁ፦ የእኔን ልጆች ትይዛለች፣ የቤቱ ሠራተኛ አይደለችም። የተጨመረ ልጅ ካለ የተጨመረ ክፍያ አለ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የራሷ ነው፤ የመኪናና የምሳ ብር ይዛ ትወጣለች።

ሕጉ ምን ይላል ለምትሉ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይመራል ብሎ ነው ያለፈው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ በማደሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ጤናው እንዲጠበቅ አሠሪውን ያስገድዳል። አዋጁ ባያስገድደኝም እኔ ልኬን የምወስደው ከእሱ ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነደሞዙ ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያ ደግሞ ከመደበኛው የሰዓት ደሞዝ ቀን ላይ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በአንድ ነጥብ 75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል። በዚህ ልክ ስሠራው የ22 ቀኑ ጉዞ ሦስት እሑድ ሲወጣለት 19 የሥራ ቀን ነው። 16ቱ እሷም መሥሪያ ቤት ብትቀጠር የምታገኘው ፈቃድ ነበር። ልቀንስባት ብችል እንኳ የሦስት ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው፤ 300 ብር።

አንድ ነገር ግን ጠብቁ። ፈቃዷ ተብሎ የሚቆጠረው አገሯ ሄዳ በእውነት ካረፈች፣ ቀኑንም ተስማምታበት ከሆነ ብቻ ነው። ቤት የጠበቀችበት፣ ወይም ከእኛ ጋር የተጓዘችበት ቀን ከፈቃዷ አይቀነስም።

ስሌቱ በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ደሞዙን ለ30 ማካፈል ይበቃል። 3,000 ብር በቀን 100 ብር ነው። የምትከዳን ጳጉሜን ናት። ብዙ ቤት ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ላይ ይቆጥራል፣ ልጅቷ አምስት ቀን በነፃ ትሠራለች። 500 ብር ናት፤ በ2015 እንደነበረው፣ በ2019ም እንደሚሆነው ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 600። ለአዲስ ዓመት ዶሮ የሚገዛበት ሰሞን ነው፣ አትዝለሉባት።

ተመላላሽ ለሆነች ሞግዚትም እስከ አንድ ወር ድረስ ሙሉ ደሞዝ እከፍላለሁ፤ ሌላ ቤት እምቢ ብላ የእኔን ጠዋት ይዛልኛለችና። ከዚያ የረዘመ ከሆነ ቢያንስ ግማሹን፣ ያውም በመሀሉ ሌላ ቦታ ሠርታ እንድታገኝ ነፃ አድርጌ። እያጓተቱ መያዝ፣ ሳይከፍሉም «እንዳትቀጠሪ» ማለት ግፍ ነው።

የተስማማነው ሁሉ በደብተር ይጻፋል፤ የምንሄድበትና የምንመለስበት ቀን፣ ደሞዝ፣ ቀለብ፣ መኪና፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ሁለታችንም እንፈርማለን፣ አንዱን ቅጂ እሷ ትይዛለች።

ባለፈው ዓመት ከአገሯ በሁለት ቀን ዘግይታ ተመለሰች። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት መኪና አጥታ ነበር፤ ከጎረቤቷ ስልክ ደውላ ነግራኛለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር፣ በፌስታል እናቷ የላከችውን የሽምብራ ቆሎ ይዛልን ነበር። ሞግዚቷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትንሿ ልጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ የሁለቱን ቀን ይቁረጡት» አለችኝ። ደብተሩን አውጥቼ የመመለሻውን ቀን አስተካከልኩ፣ የደሞዙን መስመር እንዳለ ተውኩት፣ እንድትፈርም እስክሪብቶውን ሰጠኋት።