አጃ የማይጥመው ሰው እንዴት ይለምደዋል?

አጃ አይጥመኝም የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በሦስት ነገር ነው፦ ይዝለገለጋል፣ ጣዕም የለውም፣ ወይም ይመርራል። ሦስቱም ከአሠራር የሚመጡ ናቸው። ሐኪም አጃ ብላ ብሎት ፓኬት ገዝቶ፣ በወተት አፍልቶ፣ ስኳር ነስንሶ፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ የተወው ሰው ብዙ ነው። ያው ሰው በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የአጃ ሾርባ ሲቀርብለት ያስደግማል፤ አራስ ጥየቃ ሄዶ የአጃ አጥሚት ሲሰጡት ጨልጦ ይጠጣል። ምላሱ አጃን ያውቀዋል፤ የከበደው ጣፋጭና ልል ሆኖ የቀረበለት አጃ ነው። ስለዚህ መልመድ የፈለገ ሰው በቅንጬ ይጀምር፦ የታመሰ፣ ፍሬው የተለያየ፣ ጨውና ንጥር ቅቤ የገባበት። ወተቱና ፍራፍሬው በኋላ ይደርሳል።

የትኛውን አጃ ልግዛ?

ለጀማሪ የሚሆነው ሽርክቱ ነው፤ በየባልትናው የአጃ ቅንጬ ተብሎ ይሸጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ፓኬቱ ላይ «ስቲል ከት» የሚለውን ፈልጉ፤ ሙሉው ፍሬ ሁለት ሦስት ቦታ ተቆርጦ የተዘጋጀ ስለሆነ ከእኛ ቅንጬ ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። «ሮልድ» የሚባለው በእንፋሎት ለስልሶ በማሽን የተዳመጠ፣ ስስና ክብ ቅርፊት የሚመስለው ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ግን ቶሎም ይላቁጣል። «ኩዊክ» የሚባለው የዚሁ ይበልጥ የተቆራረጠና የሳሳ ዓይነት ነው። ስኳርና ማጣፈጫ ተጨምሮበት በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ለጊዜው ተዉት፤ ምላስን ከአጃው ይልቅ ስኳሩን ነው የሚያስለምደው።

ከመግዛታችሁ በፊት ከተቻለ አሽትቱት። ጥሩ አጃ የተቆላ ለውዝ የሚመስል ደስ የሚል ሽታ አለው። የቆየ ዘይት ወይም ቀለም ቀለም የሚል ከሆነ ምንም ብትሠሩት አይቃናም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አጃ ከስንዴ ሁለትና ሦስት እጥፍ ቅባት አለው፤ በዚያው ፍሬ ውስጥ ደግሞ ቅባቱን የሚያፈራርስ ኢንዛይም ይገኛል። ፍሬው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሲሰበር ግን ይገናኛሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ መምረር ይጀምራል። ፋብሪካዎች አጃውን አስቀድመው በእንፋሎት የሚያሞቁት ይህን ኢንዛይም ለመግደል ነው። እናቶች ደግሞ ይህንኑ ሥራ በምጣድ ሲሠሩት ኖረዋል፤ አጃው መጀመሪያ ይታመሳል፣ ከዚያ ይሸረከታል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ጥሬውን ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስፈጨ ሰው፣ ከሳምንት በኋላ የመረረ ቅንጬ ሲያገኝ ጥፋቱን በእህሉ ላይ ማሳበብ የለበትም።

ከገበያ ያልተፈተገ አጃ የምትገዙ ከሆነ ሥራው ይበዛል። የአጃ ገለባ ፍሬውን አጥብቆ ስለሚይዝ በሰፌድ ማበጠር ብቻ አያላቅቀውም፤ አምሶ፣ በሙቀጫ ፈትጎ፣ እንደገና ማበጠር ያስፈልጋል። ጥቂት ገለባ እንኳ ከቀረ ጉሮሮ ይወጋል፤ ልጅ አንዴ ከወጋው ደግሞ ሁለተኛ አይነካውም። በሥራ ቀን ጠዋት ለመብላት የሚፈልግ ሰው የተፈተገውን ቢገዛ ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ድስት

ለሁለት ሰው የሚበቃው መጠን ይኸው፦ ግማሽ ብርጭቆ የአጃ ቅንጬ፣ አንድ ብርጭቆ ከሩብ የፈላ ውሃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። ብርጭቆው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሁሉንም በአንዱ ከለካችሁ ልኩ አይዛባም። አዲስ አበባና ከዚያ በላይ ከፍታ ያላችሁ ሌላ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ሰፋ ያለና ከሥሩ ወፈር ያለ ድስት ምረጡ። መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ የቅቤውን ግማሽ ጨምሩ፤ ሲቀልጥ ቅንጬውን አስገቡና ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ ላይ ቅቤው ብቻ ነው የሚሸተው፤ አጃው ነጣ ብሎ ድስቱ ላይ ይንከባለላል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሽታው ይለወጣል። የገብስ ቆሎ ሲቆላ ያለው ዓይነት ሽታ ይመጣል፤ የፍሬው ጠርዝ ወደ ወርቅማ ቡኒ ያዘነብላል፤ ሲያማስሉት የነበረው የአሸዋ ድምፅ ደረቅ እያለ ይሄዳል። እዚህ ላይ አቁሙ። ሌላ ሁለት ደቂቃ ከቆየ ያርራል፤ ያረረ አጃ ደግሞ ቅቤ ቢጨመርበትም ምሬቱ አይሸሸግም።

የፈላውን ውሃ ከነጨው ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት፤ ይንጫጫል፣ እንፋሎቱም ይፈጃልና እጃችሁን አርቁ። አንዴ ብቻ አማስሉት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ክደኑት። ከዚህ በኋላ ማማሰያውን ተዉት። ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው 20 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ውሃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጠብቁ። የውጭ ፓኬት ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አምኖ ያወጣ ሰው ጥሬ ጥሬ የሚል ቅንጬ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ቀድሞ ካለቀ ካስቀመጣችሁት የፈላ ውሃ በሾርባ ማንኪያ ጣል ጣል አድርጉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመራችሁበት ግን ሙቀቱ ወርዶ መብሰሉ ይጓተታል።

መድረሱን በማንኪያ እዩት። ማንኪያውን በድስቱ ወለል ላይ ስትጎትቱት መንገዱ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ከቆየና ውሃ ካልሞላው ደርሷል። ፍሬውን ስትነክሱት ለስልሶ ከመሃሉ ትንሽ መቋቋም አለበት። እሳቱን አጥፍታችሁ፣ የቀረውን ቅቤ ከላይ አድርጋችሁ፣ እንደተከደነ አምስት ደቂቃ አስቀምጡት። ይህን አምስት ደቂቃ አትዝለሉት፤ ከላይ ያለው እርጥበት ወደ ፍሬው የሚገባውና ፍሬው እርስ በርሱ የሚለያየው ያኔ ነው። ሲቀርብ ሚጥሚጣ ወይም አዋዜ ጠብ ይደረግበታል። አይብ ላለው ሰው ከጎኑ አንድ ማንኪያ አይብ ግሩም ነው።

ለምን ይዝለገለጋል?

አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር አለ። የሚዝለገለገው እሱ ነው፤ ለጤና የሚፈለገውም ይኸው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ማስወገድ ሳይሆን ከፍሬው ብዙ እንዳይወጣ መያዝ ነው የሚያስፈልገው። እንዲወጣ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ደጋግሞ ማማሰል አንዱ ነው፤ ፍሬው በተፋጨ ቁጥር ይለቃል። በቀዝቃዛ ውሃ መጣድ ሌላው ነው፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ሲዘፈዘፍ ይሟሟል። ሦስተኛው የውሃ መብዛት ነው። በቅቤ ወይም በደረቁ ማመስ ደግሞ የፍሬውን ገጽ አጠንክሮ ይህን ሁሉ ይቀንሰዋል።

ልስልሱን የሚወዱ ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ ተቃራኒውን ማድረግ ነው፦ ውሃውን አራት እጅ፣ በቀዝቃዛው መጣድ፣ አዘውትሮ ማማሰል። ስኮትላንዶች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ካርብሪጅ በምትባል መንደራቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የአጃ ገንፎ ውድድር ይካሄዳል፤ በዋናው ዘርፍ ድስት ውስጥ የሚፈቀደው አጃ፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው። አጃን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ጨው ላይ መጽናታቸው ልብ ሊባል ይገባል። ጨው የሌለው አጃ፣ ማር እንኳ ቢጨመርበት፣ አፍ ውስጥ ባዶ ነው።

ምላስን ቀስ በቀስ ማስለመድ

የስንዴ ወይም የገብስ ቅንጬ ለሚበላ ቤተሰብ ቀላሉ ዘዴ መቀላቀል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ አጃ። ሁለተኛው ሳምንት እኩል በእኩል። ከዚያ አንድ እጅ ስንዴ፣ ሁለት እጅ አጃ። አራተኛው ሳምንት ላይ ስንዴው ባይኖርም ልጆች ልብ አይሉትም። የሚበስሉበት ጊዜ ስለሚለያይ አጃው ሽርክት ከሆነ እሱን ቀድማችሁ ጣዱ፤ አሥር ደቂቃ ሲሆነው የስንዴውን ጨምሩ። አጃው የተዳመጠው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስንዴው ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከላይ በትኑት።

መጠኑንም ቀስ ብላችሁ አሳድጉ። ሆድ ያልለመደውን አሰር ድንገት በብዛት ሲያገኝ ይነፋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥሬው 30 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽርክት ያህል ይበቃል፤ ውሃም በደንብ ጠጡ።

በጾም ቀን

አጃው ራሱ የጾም ነው፤ ማባያው ብቻ ይለወጣል። በቅቤው ምትክ ዘይት አግቡና ከማመሳችሁ በፊት አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በስሱ ከትፋችሁ ጣል አድርጉበት። ከሁሉ የሚልቀው ግን የሱፍ ውሃ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ሱፍ ቀቅላችሁ፣ ወቅጣችሁ ወይም ፈጭታችሁ፣ በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉት። አጃው በተራ ውሃ ሊደርስ ሲል አንድ ብርጭቆ የሱፍ ውሃ ጨምራችሁ ሦስት ደቂቃ ብቻ አቆዩት፤ ብዙ ከፈላ ይቆራረጣል። የተቆላ የተልባ ዱቄት አንድ ማንኪያ ከላይ ቢነሰነስ ጥሩ ነው፤ ድስት ውስጥ ግን አታግቡት፤ ተልባ ራሱ ስለሚዝለገለግ የሸሻችሁትን ነገር ይመልስባችኋል።

ወተትና ፍራፍሬ ሲመጣ

ቅንጬውን ለምዳችሁ ጠዋት ጊዜ ሲያጥር ወደ ተዳመጠው እለፉ። ግማሽ ብርጭቆ አጃ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪመጣ አራት ደቂቃ አምሱ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከቁንጥጫ ጨው ጋር ሲፈላ ጨምሩት፤ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል። ወተቱን መጨረሻ ላይ፣ ሩብ ብርጭቆ ያህል፣ እሳት ካጠፋችሁ በኋላ አድርጉ። ከመጀመሪያው በወተት ከጣዳችሁት ከሥር ይይዛል፣ ዞር ባላችሁበት ቅጽበትም ይገነፍላል። ሙዝ ገና ድስቱ ላይ እያለ ቢፈጭበት ስኳር አያስፈልግም። ማር ከተፈለገ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ከቀረፋ ጋር ይስማማል።

ለጤና ብላችሁ ከሆነ

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1997 (በፈረንጆቹ) በቀን 3 ግራም የአጃ ቤታ ግሉካን፣ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ስብና ኮሌስትሮል ከቀነሰ አመጋገብ ጋር፣ የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ እንደሚችል በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ይህ በጥሬው 60 ግራም ገደማ አጃ ነው። ኮሌስትሮል አለብህ የተባለ ሰው ታዲያ ቅቤውን ለመልመጃ ብቻ ይጠቀምበት፤ ከማንኪያ ወደ ግማሽ ማንኪያ፣ ከዚያ ወደ ዘይት ይሂድ። ስኳር ያለበት ሰው ሽርክቱን ይምረጥ፤ ከኩዊኩ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የተከለከለ ሰው ግን ከግሉተን ነፃ ተብሎ የታሸገ ካላገኘ ይተወው፤ አጃ ከማሳ እስከ ወፍጮ ከገብስና ከስንዴ ጋር ይቀላቀላል።

ለቸኮለ ጠዋት

ማታ ቅንጬውን አምሳችሁ፣ በሦስት እጅ ውሃ ለሦስት ደቂቃ ብቻ አፍሉትና ክደኑት። ጠዋት ላይ ጠጥቶ አብጦ ስለሚያድር ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ፣ ዱባይ ወይም ሌላ ሞቃት ቦታ ያላችሁ ድስቱን ውጭ አታሳድሩት፤ ሲቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። የተረፈው ቅንጬ በማግስቱ ድርቅ ብሎ ይገኛል፤ ሁለት ማንኪያ ውሃ ረጭታችሁ ከድናችሁ በዝግታ አሙቁት፣ ጨውን እንደገና ቅመሱ። ድስቱን ደግሞ ምግቡ እንደወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ ከደረቀ በኋላ ለመፋቅ አጃውን ከማብሰል የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።