ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው

ልጁን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የሰውነቱ ውሃ ማለቅ ነው። ስለዚህ ቶሎ ኦአርኤስ (የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) በጥብጡ። አብዛኛው ፓኬት ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፣ ግን ጀርባውን አንብቡ፤ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት፣ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ።

እባካችሁ «ሆዱ ይረፍ» ብላችሁ ጡትም ምግብም አትከልክሉት፣ ይበልጥ ይደክማል። ከጤና ጣቢያ ዚንክ ከተሰጣችሁ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ስጡት። ከሌላ ሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ ግን በፍጹም!

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሚወስደውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። መዋጥ የሚችል ከሆነ መንገድ ላይም ኦአርኤሱን አታቋርጡ።