የድንጋይ ካባ አጠገብ ያለ የውሃ ጉድጓድ ናይትሬት ሲያሳይ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ ዙሪያ ደጋግሜ የገጠመኝ ይሄ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ሲመረመር ግን ናይትሬቱ (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውህድ) ከልክ ያለፈ ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤትና የከብት በረት ጠርጥሩ። ከዚያ የመጣ ከሆነ ክሎራይዱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሰገራ ባክቴሪያም ይገኛል። እርሻ ካለ ዩሪያውን ጠይቁ። ይሄ ሁሉ ከሌለና ከላይ ድንጋይ የሚፈነዳበት ካባ ካለ፣ የፈንጂውን ዋና ንጥረ ነገር አሞኒየም ናይትሬትን ጠርጥሩ። ካባ ላይ የሚገባው ፈንጂ ሁሉ አይፈነዳም። መሬት ላይ የተደፋው፣ ለፈንጂ ተቆፍሮ ውሃ ባቆረ ቀዳዳ ውስጥ የሟሟው ይቀራል። ዝናቡ ያጥበዋል። አፈር ናይትሬትን አይዝም፤ ጥቁር ድንጋያችን ደግሞ ስንጥቅ ስለሚበዛበት ወደ ታች ቶሎ ያወርደዋል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። አንዳንድ መሣሪያ ግን የሚያነበው ናይትሮጅኑን ብቻ ነው። አንዲት እናት ለጨቅላዋ የዱቄት ወተት የምትበጠብጥበት ጉድጓድ ወረቀቱ ላይ 18 ይላል። «50 አልደረሰም፣ ጠጡት» ተብላለች። 18ቱ ግን ናይትሮጅን ነው፤ ወደ ናይትሬት ለመቀየር በ4.43 አባዙት፤ 80 ገደማ ነው! ውጤት ስትቀበሉ «እንደ ናይትሬት ነው እንደ ናይትሮጅን?» ሳትሉ አትውጡ። ፀሐይ ላይ ተከፍቶ የከረመ የመመርመሪያ ወረቀትም ጣሉት፤ ውሸት ነው የሚያሳየው።

ውሃውን አታፍሉት። ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያወጣም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ይበዛል። ክሎሪንም የሸክላ ማጣሪያም አይረዱም። ከስድስት ወር በታች ላለ ህፃን በዚህ ውሃ ወተት አትበጥብጡ፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጡት ማጥባት ግን አይከለከልም።

ለጊዜው ሌላ ምንጭ ፈልጉ። ናይትሬት የሚያወጣ ማጣሪያ አለ፤ ውድ ነው። እውነተኛው ጥገና ካባው ላይ ነው፦ የተደፋው ወዲያው ይጠረግ፣ ውሃ ላለበት የፈንጂ ቀዳዳ ውሃ የማያሟሟው የፈንጂ ዓይነት ይግባ፣ የታጠበው ውሃ ኩሬ ውስጥ ይያዝ እንጂ ወደ ቦርከና ወንዝ አይለቀቅ። ያልፈነዳ ነገር ካያችሁ እጃችሁን አታሳርፉበት፤ ለፈንጂ ኃላፊው ንገሩ። ከፍንዳታ በኋላ ብርቱካንማ ጭስ ከታየ ነፋሱ ጭሱን ከሚነዳበት አቅጣጫ ራቁ።

የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ከጣለ በኋላ እንደገና ቅዱና አስመርምሩ። በጋ ላይ የተቀዳ ናሙና ብቻውን አይበቃም።