ሳሙና ባንዴ የሚያጠጥር ሽቶ በኮልድ ፕሮሰስ እንዴት ይሰራበታል

ኮልድ ፕሮሰስ ሳሙና (ሳይበስል ዘይትና ካስቲክ ሶዳ በማዋሃድ የሚሰራውን) የምትሰሩ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ዘይቱና የሶዳው ውሃ በደንብ ተዋህዶ ቆንጆ ሆኖ እየፈሰሰ እያለ ሽቶው ሲገባ ውህዱ ባንዴ ግትር ይልና ማማሰያው እዛው ቆሞ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሽቶውን ይጥለዋል። እኔ ግን በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ከሚያስቸግሩት ውስጥ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ጽጌረዳ፣ ጃስሚን፣ ቫኒላ አሉበት፣ ሰው ሳሙና አንስቶ መጀመሪያ የሚያሸተው እነሱን ነው። ሽቶው 2 ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫው) ውስጥ የሚገባ አሰራር ማዘጋጀት ነው እንጂ መተው አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሽቶው ምን እንደሚያደርግ ለዩ፣ ሁሉም አንድ አይነት አይደለም። አንዳንዱ ትሬሱን (ዘይቱና ሶዳው ተዋህዶ መወፈር የሚጀምርበትን ደረጃ) ያፋጥነዋል፣ በዝግታ መወፈር የነበረበት በሰከንዶች ይወፍራል። አንዳንዱ ከዛም አልፎ ሙሉ በሙሉ ያደርቀዋል። ሌላው ጥቃቅን ፍሬ ፍሬ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ዘይቱን መልሶ ይለየዋል። ውህዱን ምንም ሳያደርግ ቆይቶ ቀለም የሚቀይርም አለ፣ ቫኒሊን (ለቫኒላ ሽታውን የሚሰጠው ነገር) ያለበት ሁሉ እንደዛ ነው፣ ነጭ የነበረው ሳሙና በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። የቅርንፉዱ ነገር ደግሞ ከኢዩጂኖል ነው የሚመጣው፣ የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ኢዩጂኖል ነው፣ ይሄ ነገር ራሱ ከሶዳው ጋር ስለሚዋሃድ ሳሙና የመሆኑን ሂደት ያፈጥነዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር፦ ሰውነት ላይ የሚረጭ ሽቶ በፍጹም አትጠቀሙ፣ አልኮሉ ራሱ ውህዱን ያደርቀዋል። ትንንሽ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው ኦይል ሽቶም ቢሆን በምን እንደቀጠነ ስለማይታወቅ ለሳሙና ተብሎ የተሰራ ፍራግራንስ ኦይል ይሻላል። ሻጩን የኢፍራ ወረቀት ጠይቁት (ኢፍራ ዓለም አቀፍ የሽቶ ማህበር ነው፣ ወረቀቱ ሽቶው በየምርቱ ምድብ ቢበዛ ስንት እንደሚገባ ያሳያል)፣ ሳሙና ታጥቦ የሚለቀቅ ስለሆነ ምድብ 9 ላይ ያለውን ከፍተኛ መጠን ነው የምታዩት። በተለይ ቅርንፉድና ቀረፋ ቆዳ ስለሚያስቆጡ የተፈቀደው መጠን ዝቅ ያለ ነው፣ እዚህ ላይ በግምት መስራት የለም።

አሁን ወደ ስራው። ለአስቸጋሪ ሽቶ ቀስ ብሎ ትሬስ የሚያደርግ ሪሲፒ ያስፈልጋል፣ ይሄ ማለት ፈሳሽ ዘይት የበዛበት፣ ቅቤና ሰም የሌለበት፣ የጉሎ ዘይት የሌለበት ወይ በጣም ያነሰበት። ለመለማመጃ ይሄን ውሰዱ፦ የወይራ ዘይት 300 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 100 ግራም፣ የፓልም ዘይት 100 ግራም፣ ካስቲክ ሶዳ 69 ግራም፣ ውሃ 160 ግራም፣ ሽቶ ቢበዛ 15 ግራም (የኢፍራው ወረቀት ከዛ ያነሰ ካለ እሱን ነው የምትከተሉት)። ሶዳው 5 በመቶ ዘይት ሳይዋሃድ እንዲተርፍ ሆኖ የተሰላ ነው። አንዱን ዘይት በሌላ ከቀየራችሁ ግን ሶዳውን እንደገና አስሉት፣ ኮኮናት የሚፈልገው የሶዳ መጠንና ወይራ የሚፈልገው በጣም ይለያያል። ውሃው ሆን ተብሎ በርከት ብሏል፣ ለቀላል ሽቶ 140 ይበቃ ነበር፣ ለአስቸጋሪው ግን ውሃ መቀነስ ማለት ራስን ማስቸኮል ነው።

ስለ ሶዳው ብዙ ሰው ስለሚያውቅ ባጭሩ ልለፈው ግን ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሶዳውን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሩት፣ ውሃውን ወደ ሶዳው አይደለም፣ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ልጆች በሌሉበት። ሁለተኛው የአልሙኒየም ድስት ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ አልሙኒየም የማይገኝበት ኪችን የለም፣ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላዋል፣ የሚቃጠል ጋዝም ይወጣዋል፣ ስለዚ ስቴንለስ ስቲል ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ብቻ።

ሙቀቱ ላይ ደግሞ ቆም በሉ ምክንያቱም አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ሲሞቅ ሁሉም ነገር ይፈጥናል፣ ስለዚ ዘይቱንም የሶዳውን ውሃም ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ላይ አውርዷቸው። ከዛ በታች መውረድ ይሻላል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፣ ፈሳሽ ዘይት ብቻ ላለው ሪሲፒ ልክ ነው፣ ፓልም ባለበት ግን አዲስ አበባ ጠዋት ላይ ቤቱ ቀዝቅዞ ፓልሙ መርጋት ይጀምርና ትሬስ የሆነ ይመስላል፣ እሱ የውሸት ትሬስ ነው፣ ሳሙና ሳይሆን የረጋ ስብ ነው፣ ሽቶ ቢገባበት ሞልድ ውስጥ ይለያያል። ዱባይ ወይ ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚገጥማችሁ፣ የሶዳው ውሃ አልቀዘቅዝ ይላችኋል፣ ጆጉን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ወደ ጆጉ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ።

ሽቶውን ትልቁ ውህድ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በኩባያ ፈትኑት። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄን ነው። ከላይ ካለው ሪሲፒ ሽቶ ያልገባበትን ውህድ ሁለት የወረቀት ኩባያ ላይ 100 100 ግራም ቅዱ፣ አንዱ ላይ ሽቶ 2 ግራም ጨምሩ (ያ ወደ 3 በመቶ ነው፣ የዘይቱ መጠን ተሰልቶ፣ ለቅርንፉድና ለቀረፋ ወረቀታቸው ላይ ባለው መጠን አስሉት)፣ ሌላውን ባዶውን ተዉት። ሁለቱንም በማንኪያ እያማሰላችሁ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። የቅርንፉዱ ኩባያ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ጠርዙ ላይ ወፈር ማለት ነው፣ ከዛ ማንኪያው የሄደበት መስመር ሳይጠፋ ይቀራል፣ ኩባያውን በእጃችሁ ስትይዙት ከባዶው ይልቅ ይሞቃል። ከየትኛው ደቂቃ ጀምሮ መፍሰስ እንዳቆመ ጻፉት፣ ትልቁን ስትሰሩ ያላችሁ ጊዜ እሱ ነው። ከዛ ኩባያዎቹን አትጣሏቸው፣ ለአንድ ወር አስቀምጧቸው፣ ቀለሙ የሚቀየር ከሆነ እዛው ታዩታላችሁ።

ትልቁን ስትሰሩ ሁሉም ነገር ቀድሞ ይዘጋጅ፣ ሞልዱ ወረቀቱ ተነጥፎበት፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ሽቶው ተመዝኖ። ሽቶውን ከዘይቱ ላይ ቀንሳችሁ ባስቀመጣችሁት ሁለት ሶስት ማንኪያ ለብ ያለ ዘይት ውስጥ በጥብጡት፣ ባንድ ቦታ ተከማችቶ እንዳይነካው ይረዳል። ስቲክ ብሌንደሩን የምትጠቀሙት ዘይቱና ሶዳው እስኪዋሃድ ብቻ ነው፣ ቀጭን አጥሚት ሲመስል አቁሙ፣ ብሌንደሩን አውጡት። ከዛ ሽቶውን አፍስሳችሁ በእንቁላል መምቻ በእጅ አማስሉ። ሽቶ ከገባ በኋላ ብሌንደር መጠቀም ሽቶውም ብሌንደሩም አንድ ላይ ውህዱን እንዲያፈጥኑት ማድረግ ነው። ዲዛይኑንም ቀለል አድርጉት፣ ብዙ ቀለም ያለው ስዊርል (ቀለሞችን እያዞሩ ማቀላቀል) ለሚረጋጋ ሽቶ ይቆይ፣ ለቅርንፉድ አንድ ቀለም ይበቃዋል፣ ወፈር ሲል ደግሞ ላዩን በማንኪያ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ያምራል።

ለቫኒላው ሌላ ነው መላው። ነጭ የምትፈልጉትን ክፍል ያለ ሽቶ ተዉት፣ ሽቶውን ቡናማ እንዲሆን በምትፈልጉት ክፍል ላይ ብቻ ጨምሩ። ቀለሙ እንዳይቀየር ተብሎ የሚጨመረው ቫኒላ ስታቢላይዘር የሚባለው ነገር ኮልድ ፕሮሰስ ላይ ቡናማ መሆኑን የሚያዘገየው እንጂ የሚያስቀረው አይደለም፣ እኔ ገንዘቡ ለሱ ባይወጣ እመርጣለሁ።

አሁንም ከተበላሸስ? ፍሬ ፍሬ ካለ ብሌንደሩን መልሳችሁ አስገቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይለሰልሳል፣ ወፍራም ቢሆንም ሞልድ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ከተለየም እንደዛው ነው፣ አንድ ወጥ እስኪሆን መምታት። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ደግሞ አትጣሉት፣ ስቴንለስ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ውሃ በሚፈላበት ሌላ ድስት ላይ አስቀምጡት፣ ሁለት ሶስት ማንኪያ ውሃ ጣል አርጉበት፣ ክዳኑን ግጠሙና አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ቫዝሊን እስኪመስል አብስሉት፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሲሞቅ ወደ ላይ ስለሚነሳ ድስቱ ትልቅ ይሁን፣ ጥላችሁት አትሂዱ። ከዛ በማንኪያ ሞልዱ ውስጥ ጠቅጥቁት፣ መልኩ ሸካራ ይሆናል ግን ጥሩ ሳሙና ነው።

ሞልድ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያሞቅ ሽቶ ያለበትን ሳሙና በብርድ ልብስ አትሸፍኑት፣ ቅመምና አበባ ነክ የሆኑት ራሳቸው ስለሚያሞቁ መሀሉ ይሰነጠቃል ወይ ይነሳል። አየር የሚያገኝ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጉት፣ ማርና ወተት ያለበት ሪሲፒ ከነዚህ ሽቶዎች ጋር ባይገናኝ ነው የሚሻለው፣ ስኳራቸው ሙቀት ይጨምራል። በማግስቱ በጓንት አውጡት፣ ላዩ ላይ የቀረ ፈሳሽ ካለ በእጃችሁ እንዳትነኩት፣ ሊሆን የሚችለው ያልተዋሃደ ሶዳ ነው። ደህና ከሆነ ቁረጡት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር ላይ ይደርድሩት፣ የሽቶውን ስምና ኩባያው ላይ ያያችሁትን ደቂቃ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገቡ አድርጉት።