24 ሚሊሜትር ወጣ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ? በቅጠል ምርምር የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመመረቂያ ሰሞን ሲደርስ የማይክሮባዮሎጂ ላብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። አንዱ ግራዋ ይፈጫል፣ ሌላዋ ዳማከሴ ትዘፈዝፋለች፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ መቼም አይቀርም። ሥራውን እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ በየዓመቱ ያው ስህተት መመለሱ ነው።

ዋናው ኤክስትራክትን (ከቅጠሉ በፈሳሽ የወጣውን) ከአንቲባዮቲክ ጋር በዞን፣ ማለትም ባክቴሪያው ሳያድግ በቀረበት ክብ ስፋት፣ ማወዳደር ነው። ተማሪው ባክቴሪያ የተቀባበትን አጋር (ጄሊ መሰል ማሳደጊያ) ይበሳና በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ካለው ኤክስትራክት 100 ማይክሮሊትር ይጨምርበታል። በማግስቱ ማስመሪያ ይዞ ይለካል፤ 24 ሚሊሜትር። ጎኑ ያለው የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ (አንቲባዮቲኩን የያዘ ክብ ወረቀት) ዞን ጠበብ ብሏል። «ዶክተር፣ ከሲፕሮ በለጠ!» እያለ ይመጣል።

ቆይ እስቲ ልጄ፣ እናስላው። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው 10 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም 10,000 ማይክሮግራም። የሲፕሮ ዲስኩ የያዘው 5 ማይክሮግራም። 2,000 እጥፍ ጨምረህ ነው የበለጥከው! «ኤክስትራክቱ እኮ ድብልቅ ነው፣ የሚሠራው ክፍል ትንሽ ሊሆን ይችላል» ትለኛለህ። ልክ ነህ። ስንት እንደሆነ ካላወቅን ግን በምን አወዳደርከው?

ደግሞም የዞን ስፋት የጉልበት መለኪያ ብቻ አይደለም። ንጥረ ነገሩ በአጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰራጭም ይወስነዋል። ቫንኮማይሲን ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ዞኑ ጠባብ ነው፤ ደካማ መድኃኒት ነው የሚለው ግን የለም። ቅባትነት ያላቸው የዕፅዋት ውህዶችም አጋር ውስጥ እንደልብ አይሄዱም፤ ስለዚህ ጥሩ ቅጠል «አይሠራም» ተብሎ ሊጣል ይችላል። መፍትሔው በብሮዝ (በፈሳሽ ማሳደጊያ) እያቀጠኑ ኤምአይሲ፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከማደግ የሚያቆመውን ትንሹን መጠን፣ መሥራት ነው። ሲፕሮ ስታንዳርዱን (ለማመሳከሪያ የተመረጠውን) ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የሚያቆመው በሚሊሊትር ከ0.004 እስከ 0.016 ማይክሮግራም ባለው መጠን ነው። የራሳችሁን ቁጥር ከዚህ ጎን ጻፉትና እዩት። «ለመድኃኒትነት ሊውል ይችላል» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ የሰው ሴል ላይ ምን እንደሚያደርግ ይፈተሽ። በረኪናም ሰፊ ዞን ያወጣል።

ኤክስትራክቱን ያሟሟችሁበትን ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦም ይሁን ኢታኖል፣ ለብቻው ሞክሩት። ይህ ኮንትሮል የሌለበትን ውጤት አላነብም።

ሚዲያ (የባክቴሪያ ማሳደጊያው) ውድ ነው፣ ያውም ከውጭ የሚመጣ። ስለዚህ 15 ሚሊሊትር ብቻ ይቀዳና ይታለፋል። አጋሩ ሲሳሳ ግን ዞኑ በሐሰት ይሰፋል። ለዚህ ፍተሻ የሚውለው የሙለር ሂንተን አጋር ጥልቀት 4 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ 9 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ዲሽ ወደ 25 ሚሊሊትር ይፈጃል። ቁጠባው ይገባኛል። ከቆጠባችሁ የዲሹን ቁጥር ቀንሱ።

የባክቴሪያው መጠንም በዓይን አይገመትም። 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) የተባለው በምክንያት ነው፤ ሲቀጥን ዞኑ ይሰፋል፣ ሲወፍር ይጠባል። አንድ ልጅ በብሮዝ ያዘጋጀውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ምሳ ወጣ። ሞቃት ቀን ነበር። ተመልሶ ያንኑ ቀባ። በማግስቱ የአንቲባዮቲኮቹ ዞን ሳይቀር ጠበበ፤ ሳምንቱን ሙሉ ዲስኮቹን ሲረግም ከረመ። ካዘጋጃችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቀቡት፣ ምሳው ይቆያል።

መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዞ ካደረ ዲሹ አይለካም፤ ይደገማል።

ከታማሚ የተወሰደ ባክቴሪያ ላይ ብቻ አትሥሩ፤ ስታንዳርድ ስትሬይን (ጠባዩ የታወቀ የማመሳከሪያ ባክቴሪያ) ጎን ለጎን ይኑር።

ቅጠሉን ከመፍጨታችሁ በፊት ደግሞ ማንነቱን አስመስክሩ። ከገበያ በፌስታል የመጣ ደረቅ ብጥስጣሽ ለዚህ አይሆንም። አበባ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፣ የተቆረጠበት ቦታና ቀን ይጻፍበት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይሂድ፣ የናሙና ቁጥሩም ቴሲሱ ላይ ይግባ። ይህን ሁሉ ትተው ዲፌንስ ሲደርስ ዱቄት በብልቃጥ ይዘው «ይህ ምንድን ነው?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ምን ላድርግ?