በፈተና ጊዜ እምነትን ማጽናት፦ ከአንድ መዝሙር እስከ ሕመምተኛ አልጋ

መከራ በራሱ ማንንም አያሳድግም። አንድ አባት የቀበሩ ሁለት ወንድማማቾች ከዓመት በኋላ ሲታዩ አንዱ ወደ እግዚአብሔር ተጠግቶ፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ደጅ መርገጥ ትቶ ይገኛል። ሐዘኑ አንድ ነበር፤ የለያያቸው በሐዘኑ ውስጥ በየዕለቱ የሠሩት ነው። ቅዱስ ያዕቆብም የእምነት መፈተን ትዕግሥትን እንደሚያስገኝ ከተናገረ በኋላ ትዕግሥት ሥራውን ይፈጽም ይላል (ያዕ. 1፥3-4)። ሥራ ከሆነ ደግሞ አሠራር አለው። ከዚህ በታች የተጻፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚኖር፣ ከሥራው ለተባረረ፣ ለታመመ፣ ሰው ለሞተበት ወይም ትዳሩ ለተናጋበት ምእመን ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን ለዩት

ለማንኛውም ችግር «ፈተና ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ሳንጠራው የመጣ አለ፦ ሕመም፣ ሞት፣ ድርቅ። በእጃችን ያመጣነው አለ፦ በቁማር የተከመረ ዕዳ፣ በምላስ የፈረሰ ወዳጅነት። ሌላ ሰው የሚያደርስብን በደልም አለ። የመጀመሪያው ትዕግሥትና ጸሎት ይፈልጋል። ሁለተኛው ንስሐ ይፈልጋል፤ ንስሐውም ዕዳውን መክፈልንና የተቀየመውን ሰው ይቅርታ መጠየቅን ይጨምራል። ከራሳችን ጥፋት የመጣውን «እግዚአብሔር እየፈተነኝ ነው» ማለት ቅዱስ ያዕቆብ በዚያው ምዕራፍ የከለከለው ነገር ነው (1፥13)።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። ባሏ የሚደበድባት ሴት «ቻይው፣ መስቀልሽ ነው» ስትባል ትሕትና እየተሰበከላት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ እግዚአብሔር ከፈተናው ጋር መውጫውንም እንደሚያደርግ ጽፏል (1ቆሮ. 10፥13)፤ አንዳንድ ጊዜ መውጫው የቤቱ በር ነው። ይቅር ማለት ይቻላል፣ ይገባልም። ዱላ ስር መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለቤተሰብ፣ ለንስሐ አባት፣ አስፈላጊም ከሆነ ለፖሊስ መንገር ኃጢአት የለበትም።

ጸሎቱን አሳንሱት

በመከራ የተያዘ ሰው የሚሠራው የመጀመሪያ ስሕተት ከአቅሙ በላይ መሳል ነው። ሰኞ ዕለት ዳዊትን ሙሉውን፣ ውዳሴ ማርያምን፣ መልክአ መልኩን ይደግማል፣ ይሰግዳል። በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል፤ በሦስተኛው ሁሉንም ይተውና «እግዚአብሔር አልሰማኝም» ይላል። የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)ና መንፈቀ ሌሊት። ጀማሪ ከእነዚህ ሁለቱን ይያዝ፤ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት። ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል።

ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ድገሙ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን አስከትሉ። ከዚያ ከዳዊት አንድ መዝሙር በቀስታ አንብቡ። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በቀን አንድ መዝሙር ያነበበ ሰው አምስት ወር ሲሞላው ዳዊትን ይጨርሳል። ግእዙን የማታውቁ በአማርኛው አንብቡ፤ ልብ ያልገባ ቃል በጨለማ ቀን አይዝም።

ጨርሶ መጸለይ ሲያቅትስ? ያን ጊዜ 12ኛውን መዝሙር (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 13 ነው) ውሰዱ። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» ብሎ ይጀምራል። 87ኛው (88ኛው) ከዚህም ይከብዳል፤ በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣቻቸውም። ለእግዚአብሔር ማማረርና እግዚአብሔርን ማማት የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊቱ ቆሞ ነው። ይህንንም ያልቻለ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ ይቀመጥ።

ስግደት ለሚጨምር፦ በሰንበት፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና ከቆረቡ በኋላ አይሰገድም። ነፍሰ ጡር፣ ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጎንበስ ቢል ይበቃዋል። ቁጥሩን የንስሐ አባት ይወስኑት።

ንስሐ አባት ጋ ምን ይዞ መሄድ

አብዛኛው ሰው የሌላውን ኃጢአት ተናዝዞ ይመለሳል። «ባለቤቴ ያናድደኛል፣ አማቴ ሰላም ነሥታኛለች» ሐሜት ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም። «ማክሰኞ ማታ ልጄን እንግዳ ፊት ደደብ ብዬ ሰደብኩት፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም» ኑዛዜ ነው፤ ቀን አለው፣ ድርጊት አለው፣ የበደለው እኔ ነኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ተቀምጣችሁ አስቡ፤ ብትጽፉትም ወረቀቱን በኋላ ቅደዱት።

የተሰጣችሁ ቀኖና ከከበዳችሁ እዚያው ተናገሩ፤ ተቀብሎ በዝምታ ከመተው ይሻላል። ከራሳችሁም አትጨምሩበት። 3 ቀን ጹም የተባለ 7 የጾመ እንደሆነ አራቱ የታዛዥነት አይደሉም። ለጾሙም ይኸው ነው። የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስድ፣ የምታጠባ እናት በራሳቸው ከመወሰን ሐኪምንም ንስሐ አባትንም ይጠይቁ።

ትሕትና በእጅ የሚሠራ ነገር ነው

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ውኃው ውስጥ የወይራና የወይን ቅጠል ይገባል። ሥርዓቱን ሁላችንም የምናየው ከአጣቢው ወገን ነው። ዮሐንስ 13ን ስታነቡ ግን የተቸገረውን ተመልከቱ፤ ጴጥሮስ ነው፣ እግሬን አታጥብም ያለው። ጌታም ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም አለው። መታጠብን እንቢ ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ኩራት ሊሆን ይችላል። በመከራ ያለ ሰው የመጀመሪያ የትሕትና ትምህርቱ ይህ ነው። ጎረቤት ምግብ ይዛ ስትመጣ «ኧረ ምን አደከመሽ፣ አለን እኮ» አትበሉ። እግዜር ይስጥልን ብላችሁ ተቀበሉ፣ ሳህኑን አጥባችሁ መልሱ። የዕድር መዋጮ ያቃታችሁ እንደሆነ ከስብሰባው ከመቅረት ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሌላው ልምምድ ይቅርታ ነው። ፀሐይ ሳይገባ፣ የበደላችሁትን ስም ጠርታችሁ፦ «ጠዋት በስልክ ጮኼብሃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።» «ግን አንተም…» ከተጨመረበት ይቅርታነቱ አበቃ። «አስቀይሜህ ከሆነ» የሚለውም አይረዳም፤ ጥርጣሬውን ወደ ተበዳዩ ይመልሳል። ይህን በሳምንት አንዴ ያደረገ ሰው ስለ ትሕትና ብዙ ስብከት ከሰማ ሰው የበለጠ ይማራል። ራስን «እኔ ከንቱ፣ እኔ ውዳቂ» እያሉ መውቀስ ግን አያስተምርም፤ አሁንም ወሬው ስለ ራስ ነው።

«ሰው የለኝም» ወዳለው ሰው መሄድ

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሁድ መጻጉዕ ይባላል። 38 ዓመት በአልጋ የኖረው ሰው ልትድን ትወዳለህን ሲባል የመለሰው ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያኖረኝ ሰው የለኝም ብሎ ነው (ዮሐ. 5፥7)። መከራ ውስጥ ያለ ሰው አገልግሎትን «ሲሻለኝ እጀምራለሁ» ይላል። አትጠብቁ፤ ሐዘን ራሱን ብቻ ሲያይ ይከብዳል፣ የሌላን ሰው አልጋ ያነጠፈ ዕለት ግን ትንሽ ይላላል። አንድ ሕመምተኛ ወይም አንድ አረጋዊ ምረጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት። አሥር ሰው አንዳንድ ጊዜ ከመጠየቅ አንዱን ሳያቋርጡ መጠየቅ ይሻላል፤ ሕመምተኛ ቀን ይቆጥራልና ተስፋ ሰጥቶ መቅረት ካለመጀመርም ይከፋል።

ስትሄዱ አስቀድማችሁ ደውሉ። ጉንፋን ከያዛችሁ ቅሩ። ስትገቡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቆማችሁ ቁልቁል አታናግሩት፤ በርጩማ ስባችሁ ዓይናችሁ ከዓይኑ ጋር እኩል እንዲሆን ተቀመጡ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ዓይኑ መክደን ከጀመረ ከዚያም በፊት ተነሡ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ምንም አልተናገሩም (ኢዮ. 2፥13)፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ለበጎ ነው»፣ «ምን አጥፍተህ ይሆን»፣ «እገሌም በዚሁ በሽታ ሞተ» አይባልም። እግዚአብሔር ይማርህ፣ ከዚያ ዝምታ።

«የምረዳህ ካለ ንገረኝ» የሚባለውም ብዙ አይጠቅም፤ የተቸገረ ሰው አያዝም። የተወሰነ ነገር አቅርቡ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላጥብ?»፣ «መድኃኒቱን ከፋርማሲ ላምጣ?»፣ «ሁለት ሰዓት እኔ ልቀመጥ፣ እናንተ ተኙ።» የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚያስታምመው ሰው ለወራት እንቅልፍ ያጣ ነው፣ እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ከአልጋ የማይነሣ ሰው ዘንድ የምታግዙ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ነው። ጎኑን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ። በየቀኑ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የጀርባውን መጨረሻና ትከሻውን እዩ። በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ቁስል ሊወጣ መሆኑን ይናገራል፤ አትሹት፣ ክብደቱን ከቦታው አንሡና ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ስታበሉት ቀና አድርጋችሁ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የመጀመሪያውን መዋጡን አይታችሁ ሁለተኛውን ስጡ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ፤ ወዲያው ጋደም ያለ ሰው ትን ሊለው ይችላል።

ገላ ስታጥቡ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ቢያጥብ ይመረጣል። ውኃውን በክርናችሁ ሞክሩ። የምታጥቡትን ብቻ ግለጡ፣ የቀረው ተሸፍኖ ይቆይ። ከፊት ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ኀፍረተ ሥጋ መጨረሻ፣ በሌላ ውኃና በሌላ ጨርቅ። እግሩ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። በጣቶቹ መካከል አጥባችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፤ እርጥበት የቀረ እንደሆነ ቆዳው ይላጣል። የስኳር ሕመም ካለበት እግሩ ሙቀት ላይለይ ይችላልና ውኃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፤ ትንሽ ጭረት ብታዩ ለቤተሰቡ ንገሩ። ጸሎተ ሐሙስ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ እዚህ ቤት ግን በየሳምንቱ ነው።

ጸበልንና መድኃኒትን አታጣሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይላል። ጸበል የገባ ሰው የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ መምከር እምነት ማሳየት አይደለም። ይህ ምክር ሰው ገድሏል። በጸበል ቦታ የምታገለግሉ ካላችሁ የሕመምተኛውን የመድኃኒት ሰዓት ማስታወስ ከአገልግሎታችሁ አንዱ ይሁን።

ያደረጋችሁትን አትናገሩ፤ ፎቶ አታንሡ። የሕመምተኛን ገመና ጽዋ ማኅበር ላይ «ጸልዩለት» በሚል ሽፋን ማውራትም ሐሜት ነው። ስሙን፣ ክርስትና ስሙን ብቻ ስጡ፤ እግዚአብሔር ዝርዝሩን ያውቀዋል።

ሰው ቤት ለሚሠሩ

በቤሩት፣ በዱባይ፣ በሪያድ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ቤተ ክርስቲያን መድረስ ላይቻላችሁ ይችላል፤ በሳውዲ አረቢያ ደግሞ በአደባባይ የክርስቲያን አምልኮ አይፈቀድም። ሰሃን እያጠባችሁ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ይቻላል፣ ዳዊቱንም በጆሮ ማዳመጫ መስማት። ረቡዕና ዓርብ ጾም የሆነ ምግብ ከጠፋ ለንስሐ አባታችሁ በስልክ ንገሯቸውና ምክራቸውን ተከተሉ፤ በጸጸት ራሳችሁን አታስርቡ፣ ሥራው ጉልበት ይፈልጋል። የአሠሪን አሮጊት እናት በፍቅር መያዝ አገልግሎት ነው። ያልተከፈለ ደሞዝን መጠየቅም ትሕትናን አያፈርስም።

በ40ኛው ቀን

ይህን ልምምድ ከጀመራችሁ 40 ቀን ሲሞላ ከንስሐ አባት ጋር ተቀመጡ። የምትመረምሩት ስሜታችሁን አይደለም፤ ስሜት እንደ አየሩ ነው። ሁለቱን ጸሎት በሳምንት ስንት ቀን ይዤአለሁ? ይቅርታ ስንት ጊዜ ጠየቅሁ? የያዝኩትን ሰው ስንት ጊዜ ጠየቅሁ፣ ስንት ጊዜ ቀረሁ? ቤተሰቤስ ቁጣዬ ላይ ምን አየ? የመጨረሻውን መልስ ከቤተሰብ ስሙ። ከሰባቱ ቀን አምስቱን የያዘ ሰው ለቀጣዩ 40 ቀን ቀትርን ወይም ሠርክን ይጨምር፤ ከሦስት ቀን በታች የያዘ ደግሞ ከሁለቱ ጸሎት አንዱን ይቀንስ። ያመለጠውን ጸሎት ግን በእጥፍ አትክፈሉ፤ ዕዳ ሲከመር ጸሎቱ ያስፈራል። ዛሬ ማታ የዛሬውን መዝሙር አንብባችሁ ተኙ።